ሲገባ ይታያል፣ ሲወጣ አይታይም

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ማህተም ቀራጭ ነኝ። ፒያሳ የነበረችኝ ሱቅ ከፈረሰች በኋላ አራት ኪሎ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ እሠራለሁ። ክሪፕቶ የሚነግድ አብሮ አደግ አለኝ። ‹ቢትኮይን ተወው፣ ሞኔሮ ግዛ፤ ባንክም መንግሥትም አያየውም› ይለኛል። ለሙከራ 40 ሺህ ብር ሰጠሁትና ገዛልኝ። ያለው በእሱ ዋሌት (የክሪፕቶ ቦርሳ) ውስጥ ነው። እኔ ስልክ ላይ ደግሞ ‹ማያ ቁልፍ› ብሎ የሆነ ነገር አስገብቶልኝ በየቀኑ አየዋለሁ። አልተነካም። አሁን የ240 ሺህ ብር እቁብ ወጥቶልኛል። የባለቤቴን ወንድምና አንድ ጎረቤቴን ዋስ አስፈርሜ ከሁለት ሳምንት በኋላ እረከባለሁ። አሳቤ የሌዘር መቅረጫ ማሽን መግዛት ነበር። ጓደኛዬ ግን ‹ማሽኑ ይደርሳል፣ ይሄ አሁን ካልተገባበት ያመልጣል› እያለ ሁሉንም እንድሰጠው ይወተውተኛል። ለባለቤቴ ገና አልነገርኳትም። ነገሩ እንዴት ነው የሚሠራው? ያዋጣልስ? ግራ የገባው፣ ከአራት ኪሎ።»

ወንድሜ፣ አንተ ብልህ ቅር አይበልህ፤ በዕድሜ ሳልበልጥህ አልቀርም። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። መጀመሪያ ስለ ሞኔሮ የጠየቅከኝ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ዓይኔ «ማያ ቁልፍ» የምትለዋ ላይ ቀረ። ወደ እሷ እመጣለሁ። ግን ያለ መግቢያ አትገባህምና ትንሽ ታገሠኝ።

ከቢትኮይን እንጀምር። ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚኖር ዲጂታል ገንዘብ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሁሉ ክሪፕቶ ይሉታል። ብዙ ሰው ቢትኮይን ስውር ይመስለዋል፤ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከጥር 2009 ጀምሮ የተደረገ እያንዳንዱ ዝውውር ማንም ሊያየው በሚችል መዝገብ ላይ ተጽፏል። የእቁባችሁን ደብተር ገጽ በገጽ ቀድደው ጊዮርጊስ አጥር ላይ እንደለጠፉት ቁጠረው። ስም የለበትም፣ ያለው የቅጽል ስም ነው። ግን «አንበሳው» የሚባለው አንተ መሆንህን አንድ ሰው ካወቀ፣ እስከዛሬ የከፈልከውንና የተቀበልከውን ሁሉ ቁጭ ብሎ ያነባል። ይህን እያነበቡ የሚኖሩ ድርጅቶች አሉ።

ሞኔሮ የመጣው ይህን ለመሸፈን ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ተጀመረ። ሦስት ነገር ይደብቃል፦ ማን እንደላከ፣ ማን እንደተቀበለ፣ ስንት እንደሆነ። የመጀመሪያውን አንተ ከብዙ ሰው በተሻለ ትረዳዋለህ፤ ማህተም ነውና።

አራት ኪሎ ላይ 16 ማህተም ቀራጮች አላችሁ እንበል። አንድ ደብዳቤ ላይ ማህተም ተመታ። መርማሪ መጥቶ ቢያይ ማህተሙ እውነተኛ እንደሆነ፣ ከ16ታችሁ የአንዱ እንደሆነም ያረጋግጣል። የማንኛችሁ እንደሆነ ግን በፍጹም አይለይም። የቀለበት ፊርማ የሚሉት ይህ ነው፤ ሐሳቡን የሒሳብ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2001 አውጥተውታል። ሞኔሮ ላይ አንድ ክፍያ ስትፈጽም የአንተ ፊርማ ከሌሎች 15 ጋር ይቀላቀላል። 15ቱ ማደናገሪያ ናቸው። ቁጥሩ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2022 ጀምሮ በጠቅላላው 16 ነው፤ ከዚያ በፊት 11 ነበር።

«ታዲያ ማን እንደላከ ካልታወቀ አንዱን ሳንቲም ሁለቴ ቢከፍልበትስ?» ትል ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እያንዳንዱ ሳንቲም ሲወጣ አንድ ልዩ ምልክት ጥሎ ይሄዳል። ያው ምልክት ሁለተኛ ከመጣ መረቡ፣ ማለትም ዝውውሩን የሚያረጋግጡት ኮምፒውተሮች፣ ይመልሰዋል። ምልክቱ የየትኛው ሳንቲም እንደሆነ ግን ውጭ ላለ ሰው አይታወቅም። ይህን ምልክት ማውጣት የሚችለው የመክፈያውን ቁልፍ፣ ማለትም ገንዘቡን ከዋሌቱ የሚያስወጣውን ምስጢራዊ ቁልፍ፣ የያዘ ሰው ብቻ ነው። ይችን ዓረፍተ ነገር ያዝልኝ፣ በኋላ እፈልጋታለሁ።

ተቀባዩ የሚደበቀው በሌላ መላ ነው። ቸርችል ላይ ያለውን ዋናውን ፖስታ ቤት ታውቀዋለህ፤ ግድግዳው ሙሉ የፖስታ ሳጥን። ለእያንዳንዱ ደብዳቤ አዲስ ሳጥን ተከፍቶ፣ ደብዳቤው ከተወሰደ በኋላ ያ ሳጥን ዳግም ባይሠራበት፣ ቁልፉም ያለው አንተ ዘንድ ብቻ ቢሆን፣ ከውጭ የቆመ ሰው የትኛው የማን እንደሆነ በምን ያውቃል? የገንዘቡ መጠን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ በታሸገ ፖስታ ነው የሚሄደው። መረቡ ፖስታውን ሳይከፍት «የገባውና የወጣው ይገጥማል» ብሎ ያረጋግጣል። እንዴት ብትለኝ ሒሳቡን እዚህ መጻፍ አልችልም፤ እንደሚሠራ ግን አምናለሁ።

ሌሎችም አሉ። ዚካሽ የሚባለው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 ወጣ። እሱ ሁለት በር አለው፦ አንዱ እንደ ቢትኮይን ግልጽ፣ አንዱ የተሸፈነ። ተጠቃሚው ይመርጣል። የተሸፈነው በር የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ፋይዳ መታወቂያህን ሳታሳይ «ከ18 ዓመት በላይ ነኝ» የምትለውን ብቻ በማያጠራጥር መንገድ ማረጋገጥ እንደምትችል አስብ። ዝርዝሩን ሳያሳዩ እውነቱን ማስመስከር ማለት ነው። ዳሽ ደግሞ ቀድሞ «ዳርክኮይን» ይባል የነበረ ነው። ገንዘብ የማደባለቅ አማራጭ አለው፤ ከሁለቱ አንጻር ግን መሸፈኛው ስስ ነው።

ሰው ለምን ይወዳቸዋል? ሁሉም ሌባ ስለሆነ አይደለም። ደመወዝህን ጎረቤትህ እንዲያውቀው ትፈልጋለህ? ከውጭ እህትህ የላከችልህን መንደሩ ሁሉ ቢቆጥረው ደስ ይልሃል? እኛ እኮ ብር በመቀነት ቋጥረው ያደጉ እናቶች ልጆች ነን። ጓደኛህንም ሙሉ በሙሉ አልኮንነውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ባንክ ውስጥ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100ን አለፈ። ብሩን ታቅፎ መቀመጥ ያስፈራው ሰው ብዙ ነው። እኔም ፈርቻለሁ።

ግን መደበቁ አንድ ነገር ነው፣ ማትረፉ ሌላ። ጓደኛህ ሁለቱን አደባልቆ ነው የሸጠልህ። ጥሩ ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ ቁልፉ ጥሩ ስለሆነ ብቻ አይወደድም።

ዋጋውን ተመልከት። ዚካሽ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 መጀመሪያ 50 ዶላር እንኳ በቅጡ አይሞላም ነበር። ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ከ600 ዶላር በላይ ደረሰ። ዲሴምበር ሲገባ ደግሞ ከ400 በታች ወርዷል። መጀመሪያ የገባው ጨፈረ፣ ኖቬምበር ላይ የገባው አለቀሰ። ሞኔሮም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ባይናንስ የሚባለው ትልቁ የክሪፕቶ ገበያ «ከገበያዬ አወጣዋለሁ» ሲል በአንድ ቀን ከሩብ በላይ ዋጋውን አጣ። ለእውነቱ ደግሞ፣ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ከ300 ዶላር በላይ ወጥቷል። የታገሠ አልከሰረም። አንተ ግን የምትታገሠው በእቁብ ገንዘብ ነው፤ እቁብ ደግሞ በየሳምንቱ ክፈል ይላል።

የባይናንሱ ነገር የዋጋ ብቻ አይደለም። በሩ እየጠበበ ነው ማለት ነው። ኦኬኤክስ የሚባለው ሌላ ገበያ እነዚህን ስውር ሳንቲሞች እ.ኤ.አ. በጥር 2024 አወጣቸው። ጃፓንና ደቡብ ኮሪያ ያሉ ገበያዎች ከዚያ በፊት አባርረዋቸዋል። ዱባይ እ.ኤ.አ. በ2023 ከልክላለች። አውሮፓ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2027 ጀምሮ ፈቃድ ያላቸው ገበያዎች እነዚህን ሳንቲሞች እንዳይዙ ሕግ አውጥታለች። ሳንቲሙ አይጠፋም፤ ከአንተ የሚገዛና ለአንተ የሚሸጥ ሰው ነው የሚያንሰው። ገዢ ሲያንስ ደግሞ ዋጋ የሚቆርጠው ገዢው ነው። መርካቶ የነገደ ሰው ይህን መንገር አያስፈልገውም።

እዚህ አገር ያለው በር ከዚያም ይጠብባል። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማሳሰቢያ የአገሪቱ መገበያያ ብር እንደሆነ፣ በክሪፕቶ የሚደረግ ግብይት ሕገ ወጥ እንደሆነ ተናግሯል። ይህን ሳታውቅ እንዳትገባበት። ሌላም አለ። ጓደኛህ ሞኔሮውን የገዛው በሰማይ መንገድ አይደለም። ምናልባት በፒቱፒ (ሰው ከሰው በቀጥታ በሚገበያይበት መንገድ) ለማያውቀው ሰው ብር አስተላልፎ ዩኤስዲቲ (በዶላር ዋጋ የተመሠረተ ክሪፕቶ) ወሰደ፣ ዩኤስዲቲውን በሞኔሮ ለወጠ። ሲሸጥም የሚመለሰው በዚያው ነው። ብሩ በባንክ ነው የሚያልፈው፣ ባንኩ ደግሞ ያያል። የላከልህ ሰው ገንዘብ የተሰረቀ ቢሆን የሚታገደው የአንተ ሂሳብ ነው። «ከየት መጣ?» ስትባል ምን ታሳያለህ? ማስረጃ እንዳይኖረው ተብሎ የተሠራ ገንዘብ እኮ ነው የያዝከው። የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ሞኔሮን ለሚከታተልለት እስከ 625 ሺህ ዶላር እከፍላለሁ ብሎ ጨረታ አውጥቶ ነበር። መሀሉን መፍታት ያንን ያህል ከባድ ነው። ሰው የሚያዘው ግን አብዛኛውን ጊዜ መሀል ላይ ሳይሆን በሩ ላይ ነው፤ ብር ሲሆን።

መሸፈኛው ራሱም እንከን አያጣም። ዚካሽ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ስህተት ተገኘ። ያንን ስህተት ያወቀ ሰው ከምንም ተነስቶ ሳንቲም መፈብረክ ይችል ነበር። በድብቅ አስተካክለው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 ለሕዝብ ተናገሩ። ሰው እንደተጠቀመበት የሚያሳይ ምልክት አላገኘንም አሉ። ግን ልብ በል፣ የተሸፈነ ነገር ውስጥ ሐሰተኛ ሳንቲም ቢገባ በቀላሉ አይታይም። ሞኔሮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 ክረምት ላይ ሌላ ነገር ገጠመው። ኪዩቢክ የሚባል ቡድን መዝገቡን ከሚጽፉት ኮምፒውተሮች ትልቅ ድርሻ አሰባስቦ፣ ተጽፈው የነበሩ የመዝገብ ገጾች በተደጋጋሚ ወደኋላ ተቀለበሱ። በሴፕቴምበር ወር ደግሞ አሥራ ስምንት ገጽ ያህል መዝገብ በአንድ ጊዜ ተቀይሯል። አንዳንድ ገበያዎች ለተወሰነ ጊዜ የሞኔሮ ገቢ መቀበል አቁመው ነበር። ቤቱ አልፈረሰም፤ ግድግዳው ግን ተነቃንቋል።

አሁን ወደ ማያ ቁልፍህ።

ልጆች ሳለን እኔና ታላቅ ወንድሜ አንድ የእንጨት ሳንቲም ማጠራቀሚያ ነበረችን። ከላይ ቀዳዳ፣ ከታች በሚስማር የተመታች። እኔ ሳንቲም ሲገባ እቆጥራለሁ። ደብተርም ነበረኝ። ሃያ አምስት ሳንቲም፣ አምሳ ሳንቲም፣ ሁሉንም ጽፌያለሁ። ለገና ስንከፍታት ከደብተሬ ግማሹም አልነበረም። ወንድሜ ከታች ያለችውን ሚስማር ነቅሎ፣ አውጥቶ፣ መልሶ ይመታት ነበር። ደብተሬ ውሸት አልነበረም። የገባውን በትክክል ጽፏል። የወጣውን የሚጽፍ ደብተር ግን አልነበረኝም።

የሞኔሮ ማያ ቁልፍ ያ የእኔ ደብተር ነው። ወደ ዋሌቱ የገባውን ያሳይሃል። የወጣውን አያሳይህም። ቅድም ያዝልኝ ያልኩህን አስታውስ፦ ሳንቲም ሲወጣ የሚጥለውን ምልክት ማውጣት የሚችለው የመክፈያው ቁልፍ ያለው ብቻ ነው። የመክፈያው ቁልፍ ደግሞ ጓደኛህ ዘንድ ነው። ስለዚህ ምልክቱ መዝገቡ ላይ ቢወጣም ያንተ ስልክ «ይሄ የእኔ ነበር» ብሎ ሊያውቀው አይችልም። ጓደኛህ ገንዘቡን ሁሉ ካወጣ ስልክህ ላይ ያው ቁጥር ይቆማል።

የባሰም አለ። ግማሹን ቢያወጣ መልሱ ወደዚያው ዋሌት ይመለሳል። ስልክህ ያን መልስ እንደ አዲስ ገቢ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ገንዘብህ ሲቀንስ ስልክህ ላይ ሊጨምር ይችላል። «አልተነካም፣ እንዲያውም ጨምሯል» ብለህ ደስ ብሎህ ታድራለህ።

ጓደኛህ ሰርቆሃል አላልኩም። ላይሰርቅህ ይችላል። ይህን ነገር እሱ ራሱ ላያውቀው ይችላል፤ ከሰው ሰምተው የሚነግዱ ብዙ ናቸው። እኔ የምልህ አንተ የምታየው ነገር ምንም አያረጋግጥም ነው። «ባንክም መንግሥትም አያየውም» ሲልህ፣ ብሩን ሳይሆን ሞኔሮውን ከሆነ፣ እውነቱን ነው። አንተም አታየውም። ቁልፉ በማን እጅ ነው? ያ ሽፋን የሚጠብቀው ቁልፉን የያዘውን ነው። አንተ ዘንድ ቢሆን አንተን ይጠብቃል። አሁን ግን እሱን ከአንተ እየጠበቀው ነው።

ፖሊስ ጋ ብትሄድስ? «ስንት ሰጠኸው?» «40 ሺህ።» «የት ገባ?» እዚህ ላይ ዝም ትላለህ። በቢትኮይን ቢሆን ቢያንስ መዝገቡን ዘርግተህ «ይኸው ወዲያ ሄደ» ትላለህ።

እንግዲህ ምን ታደርጋለህ? የእቁቡን ገንዘብ ለጊዜው እርሳው። ከመረከብህ በፊት ያለውን ሁለት ሳምንት ለ40 ሺው አውለው። ጓደኛህን «ቸግሮኛል፣ ሽጥና በብር መልስልኝ» በለው። ስልክ እንዳያሳይህ። ስክሪንሾት እንዳትቀበል። በባንክ ሂሳብህ ወይም በቴሌብር ሲገባ ያን ጊዜ ገባ ማለት ነው። ዋጋው ወርዶ 35 ሺህ ቢሆን ተቀበለው፣ ትምህርት ነው። «አሁን ገበያው ጥሩ አይደለም፣ ወር ጠብቅ» ካለህ አንድ ጊዜ ጠይቀው፦ «እሺ፣ እንግዲያውስ ወደ ራሴ ዋሌት አስተላልፍልኝ።» ዋሌት መክፈት ነጻ ነው፤ 25 ቃላት ይሰጥሃል፣ አንዳንዱ 16። ቃላቱን ወረቀት ላይ አንተ ትጽፋለህ፣ እሱ ሳያይ። ማስተላለፉ ደቂቃዎችን፣ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት አካባቢ ነው የሚፈጀው። የገበያው ሁኔታ አያግደውም። ለዚህም ምክንያት ከደረደረ መልሱን አግኝተሃል።

ሲመልስልህስ? ያኔም 240 ሺውን አትስጠው። ማሽኑን ግዛ። በእርግጥ ማሽን ያረጃል፣ ይበላሻል፣ መብራትም ይጠፋል። ግን ጠዋት ቁልፉን የምትከፍተው አንተ ነህ። ከእቁቡ ውጭ፣ ብታጣው እንቅልፍ የማይነሳህ ትንሽ ገንዘብ ኖሮህ፣ ብሔራዊ ባንክ ያለውን አውቀህ፣ «ልሞክረው» ካልክ የአንተ ጉዳይ ነው። እኔ ግን በእጅህ ያልያዝከውን ሞኔሮ «አለኝ» አትበል እላለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ እሱም ከሁሉ ያስጨነቀኝ ነው። እቁባችሁ ዓመታት የሚያውቅህን ሰው ገንዘብ ለመስጠት ሁለት ዋስ አስፈርሟል። አንተ ጓደኛህን ምን አስፈረምከው? እና ከዋሶችህ አንዱ የባለቤትህ ወንድም ነው። ገንዘቡ ቢጠፋና ቀሪውን ጣል መክፈል ቢያቅትህ ሰብሳቢው የሚሄደው እሱ ቤት ነው። ያኔ ባለቤትህ የምትሰማው ከወንድሟ አፍ ይሆናል።

ዛሬ ማታ ንገራት። ስለ ቀለበት ፊርማ ማስረዳት አይጠበቅብህም። «40 ሺህ ብር ለእገሌ ሰጥቻለሁ፣ ላስመልሰው ነው» በላት። ትቆጣለች። ትቆጣ። ምናልባትም ብሩን ለማስመለስ ከአንተ የተሻለች ትሆናለች፤ አብሮ አደግህ አንተን ዋሌት እያሳየ ሊያዘገይህ ይችላል፣ እሷን ግን በማያ ቁልፍ የሚሸውዳት አይመስለኝም።

ብሩ ሲገባ ጻፍልኝ። ካልገባም ጻፍልኝ።